ሜታማስክን በሱቅ ኮምፒውተር ላይ መጫን፦ ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጅማ መርካቶ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ሱቁ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር፣ ክሮም ላይ ሜታማስክ የሚባለውን የክሪፕቶ ዋሌት ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ጭኜ አካውንት ከፍቻለሁ፤ ገንዘብ ግን ገና አላስገባሁም። ስከፍት የሰጠኝን 12 የመልሶ መክፈቻ ቃላት በስልኬ ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ‹ሴቭድ ሜሴጅ› ውስጥ አስቀምጫለሁ። ፓስወርዴ ረጅም ነው። ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ወይም ፎርማት ቢደረግ ገንዘቡ አብሮ ይጠፋል ወይ? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ኤርድሮፕ (በነፃ የሚታደል ሳንቲም) ለመውሰድ አንድ ድረ ገጽ ላይ ‹ኮኔክት› ስላደረገ ብቻ፣ ምንም ሳይልክ ዩኤስዲቲው (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረው ክሪፕቶ) በሙሉ ወጥቶበታል። ፓስወርዱን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ይህ እንዴት ይሆናል? ከቴሌግራም ጨዋታ አግኝቼ ቶን ዋሌት ላይ ያሉኝን ሳንቲሞችስ ወደዚህ ማዞር እችላለሁ?»

ምላሽ፦

አሁን የከፈቱትን አካውንት ይተዉት። ገንዘብ ስላላስገቡበት የሚያጡት ነገር የለም። ያሳሰበዎት የኮምፒውተሩ መቃጠል ነው፤ አደጋው ግን ያለው በቴሌግራሙ ፎቶ ላይና ኤክስቴንሽኑ በተጫነበት ቦታ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ገንዘብዎ አይነካም። ፎቶው ከሌላ ሰው እጅ ቢገባ ግን ፓስወርድዎ የቱንም ያህል ቢረዝም አያድንዎትም።

ስህተቱ የሚመጣው «ዋሌት» ከሚለው ስም ነው። ቦርሳ ሲባል ገንዘቡ ውስጡ ያለ ይመስላል። ሜታማስክ ውስጥ ግን ገንዘብ የለም። ገንዘቡ የሚታወቀው ብሎክቼይን በሚባለው፣ በየአገሩ ያሉ ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ቅጂ በሚይዙት መዝገብ ላይ ነው፤ መዝገቡ «በዚህ አድራሻ ይህን ያህል አለ» ይላል። ኤክስቴንሽኑ የሚይዘው ከዚያ አድራሻ ወጪ ለማድረግ የሚፈረምበትን ቁልፍ ነው። በእርስዎ ሥራ ቋንቋ ልናገርና፣ የመሥሪያ ቤት ማኅተም ማለት ነው። 12ቱ ቃላት ደግሞ የማኅተሙ ቅርጽ ናቸው። ቅርጹን ያገኘ ሰው የእርስዎን ማኅተም መስረቅ አያስፈልገውም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ልክ ያንኑ ያስቀርጻል። ፓስወርዱ ይህ ማኅተም የተቀመጠበት የአንድ መሳቢያ ቁልፍ ነው። የሚሠራው እዚያ ኮምፒውተር ላይ፣ እዚያ ብሮውዘር ውስጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ ወይም ፎርማት ቢደረግ ሌላ መሣሪያ ላይ ሜታማስክ ይጭናሉ፣ 12ቱን ቃላት በቅደም ተከተላቸው ያስገባሉ፣ አዲስ ፓስወርድ ያወጣሉ፤ አድራሻዎ ተመልሶ ይመጣል። ፓስወርዱን ቢረሱም መፍትሔው ይኸው ነው። ቃላቱ ከጠፉና መሣሪያውም ከጠፋ ግን ማንም ሊረዳዎት አይችልም፤ የሜታማስክ ሠራተኞች ራሳቸው ቃላትዎን አያውቋቸውም። ቃላቱ ከሾለኩ ደግሞ ፓስወርድ መቀየር ዋጋ የለውም። ያለው አማራጭ አዲስ ቃላት ያለው አዲስ ዋሌት ከፍቶ ንብረቱን ወደዚያ ማዛወር ነው።

ቃላቱን በግምት ማግኘት አይቻልም። የሚመረጡት 2048 የእንግሊዝኛ ቃላት ካሉበት ቋሚ ዝርዝር ነው፤ ትክክለኛ ሊሆኑ የሚችሉት የ12 ቃላት ድርድሮች ብዛት 39 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። ኮምፒውተር ቁጭ ብሎ እየሞከረ የሚደርስበት አይደለም። «ሃክ ተደረግሁ» ሲባል በተግባር የሆነው ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ወይ ቃላቱ ወይም ቁልፉ ሾልኳል፣ ወይ ባለቤቱ ራሱ ሳያስተውል ፈርሟል። የእርስዎ አደጋ የመጀመሪያው ነው፤ የጓደኛዎ ሁለተኛው።

ከፎቶው እንጀምር። ‹ሴቭድ ሜሴጅ› የሚቀመጠው በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ነው፤ አካውንትዎ በተከፈተበት መሣሪያ ሁሉ ይታያል። የሱቁ ኮምፒውተር ላይ የደንበኛ ፋይል ለመቀበል ቴሌግራም ከፍተው ከሆነ ፎቶው እዚያም አለ። በዚያ ላይ ስልክዎ ፎቶዎችን ወደ ጉግል ፎቶስ በራሱ የሚጭን ከሆነ ሦስተኛ ቅጂ አለ ማለት ነው። የስልክ ጋለሪን እየበረበሩ በፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ የሚያነቡ ቫይረሶችም አሉ፦ የጸረ ቫይረስ ኩባንያው ካስፐርስኪ በፈረንጆቹ 2025 መጀመሪያ ‹ስፓርክካት› ብሎ የሰየመው በጉግል ፕሌይና በአፕል አፕ ስቶር ውስጥ ባሉ መተግበሪያዎች ተደብቆ የተገኘ ሲሆን፣ ሥራው እንደ እርስዎ ዓይነት ፎቶ ፈልጎ መላክ ነበር። ፎቶውን አሁን ማጥፋት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን እስካሁን ማን እንዳየው ማረጋገጥ አይቻልምና አካውንቱን አያድነውም። ኢሜይል፣ የስልክ ኖት፣ የዎርድ ፋይል፣ ክላውድ፣ ሁሉም ከዚህ አይለዩም።

የሱቁ ኮምፒውተር ከፎቶው ይብሳል ብዬ አምናለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ ይሰካበታል። ዊንዶውሱና ኦፊሱ በክራክ የተከፈቱ ከሆኑ፣ ክራክ የሚባሉት ፕሮግራሞች የመረጃ ሌባ ቫይረስ ዋና ማመላለሻ ናቸው። እነዚህ ሌቦች ኮምፒውተሩን አያበላሹም፣ አያዘገዩም፤ የብሮውዘሩን ፎልደር ኮፒ አድርገው ይልካሉ። ሜታማስክ ቁልፉን በፓስወርድዎ ቆልፎ የሚያስቀምጠው እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው፤ ሌባው ቅጂውን ወስዶ በራሱ ማሽን ላይ ፓስወርዱን ሌት ተቀን ይሞክራል። ረጅም ፓስወርድ እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቫይረሱ ሲተይቡ የሚጫኑትንም የሚመዘግብ ከሆነ ርዝመቱ ትርጉም ያጣል። ክሮም ላይ ለብቻው ፕሮፋይል መክፈት ብዙዎች የሚመክሩት ነው፤ ሌሎች ኤክስቴንሽኖችን ለማራቅ ይረዳል፣ ከቫይረስ ግን አይከላከልም፣ ምክንያቱም ሁሉም ፕሮፋይሎች ያሉት በአንድ ዲስክ ላይ ነው። ከኋላዎ ቆሞ ፕሪንት የሚጠብቀውን ደንበኛም አይርሱት።

ታዲያ የት ይጫን? በጣም ጥሩው ክራክ የሌለበት፣ እንደ አዲስ ዊንዶውስ የተጫነበት ወይም ሊኑክስ ያለበት የግል ላፕቶፕ ነው፤ ለዋሌትና ለባንክ ብቻ የሚያገለግል፣ ፍላሽ የማይሰካበት። ይህ ከሌለዎት ስልክዎ ከሱቁ ኮምፒውተር ይሻላል። ሜታማስክ የስልክ መተግበሪያም አለው፤ አንድሮይድና አይፎን አንዱ መተግበሪያ የሌላውን ማኅደር እንዳያይ ስለሚከልሉ፣ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የወረደ ኤፒኬ እስካልጫኑበት ድረስ ከተራ ዊንዶውስ የተሻለ ጥበቃ ይሰጣሉ። የተቀመጠ አሮጌ ስልክ ካለዎት ፋብሪካ ሪሴት አድርገው፣ ሲስተሙን አድሰው፣ ቴሌግራምም ጨዋታም ሳይጭኑበት ለዚህ ብቻ ያውሉት። አሁንም የደኅንነት ማሻሻያ የሚደርሰው ስልክ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ርካሽ መፍትሔ የለም።

በላፕቶፑ ሲጭኑ ጉግል ላይ «ሜታማስክ» ብለው አይፈልጉ። ከውጤቱ አናት ላይ የሚወጡት ማስታወቂያዎች የሐሰት ገጽ የሚመሩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አድራሻውን በእጅዎ ይተይቡ፦ ሜታማስክ ነጥብ አይኦ። እዚያ ካለው የማውረጃ ቁልፍ ተነስተው ወደ ክሮም ዌብ ስቶር ይሂዱ፤ የተጠቃሚው ብዛት ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆኑን ይዩ። ጥቂት ሺህ ተጠቃሚ ያለው «ሜታማስክ» ካጋጠመዎት ሐሰተኛ ነው። ከተጫነ በኋላ የእንቆቅልሽ ቁራጭ የምትመስለውን ምልክት ተጭነው የሜታማስክን ምልክት፣ ቀበሮዋን፣ ብሮውዘሩ አናት ላይ ይሰኳት። ይህ ለማማር አይደለም። አንዳንድ ድረ ገጾች የሜታማስክን መስኮት አስመስለው በገጹ ውስጥ ይሥሉና ፓስወርድ ወይም ቃላት ይጠይቃሉ፤ እርስዎ ግን ራስዎ ቀበሮዋን ተጭነው ካልከፈቱ በቀር ምንም እንዳይተይቡ ልማድ ያድርጉ።

ሲከፍቱ አዲስ ዋሌት ፍጠር የሚለውን ይምረጡ። አሁን አሁን በጉግል ወይም በአፕል አካውንት መክፈት የሚያስችል አማራጭም ያቀርባል፤ ለጀማሪ ቀላል ነው፣ እኔ ግን ለእርስዎ አልመክረውም። የኢሜይልዎ ደኅንነት የዋሌቱ ደኅንነት አካል ይሆናልና። በቃላቱ መንገድ ይሂዱ። ፓስወርዱ ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበት፣ ቢያንስ 14 ፊደልና ቁጥር ያለው ይሁን። ከዚያ ቃላቱን እንዲያዩ ሲጠይቅዎ ስልክዎን ሌላ ክፍል ያኑሩ፣ ስክሪንሾት አያንሱ፣ ኮፒ የሚለውን አይጫኑ፣ ፕሪንትም አያድርጉ። ፕሪንተር ያለው ሰው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ አንዳንድ የቢሮ ፕሪንተሮች ያተሙትን በውስጣቸው ያስቀራሉ። በእጅዎ ይጻፉት።

አጻጻፉ ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከ1 እስከ 12 ቁጥር ሰጥተው፣ በትልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ አንድ መስመር ላይ አንድ ቃል ብቻ ይጻፉ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ቃላቱ ሁሉ ትክክል ቢሆኑም አይሠሩም። ለመደበቅ ብለው በአማርኛ ፊደል የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ከዓመት በኋላ የትኛው የእንግሊዝኛ ቃል እንደነበር ይጠፋባቸዋል። አንድ ቃል ቢደበዝዝ ግን ተስፋ አይቁረጡ፦ በዝርዝሩ ውስጥ የመጀመሪያ አራት ፊደላቸው አንድ የሆነ ሁለት ቃላት የሉም፣ አራቱ ፊደል ከተነበበ ቃሉ ይታወቃል። የጅማ ዝናብና እርጥበት ለወረቀት ደግ አይደለም። የቆርቆሮ ጣሪያ ያፈሳል፣ ፍራሽ ሥር ያለ ወረቀት ይሻግታል፣ በውኃ የሚፈታ ቀለም ይፈስሳል። በእርሳስ ወይም በኳስ እስክሪብቶ ይጻፉ፣ በሱቅዎ ላሚኔት ማድረጊያ ካለም ሠራተኛ በሌለበት ሰዓት በገዛ እጅዎ ያልፉበት። ሁለት ቅጂ ያዘጋጁና በሁለት የተለያዩ ቤቶች ያኑሩ፤ አንዱን ለምሳሌ በወላጆችዎ ቤት በታሸገ ፖስታ። 12ቱን ቃላት ስድስት ስድስት አድርጎ መክፈል ብልህነት ይመስላል፤ አንዱ ግማሽ ሲጠፋ ግን ሁሉም ይጠፋል፣ ስለዚህ አይክፈሉት።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድማለሁ። ገንዘብ ከማስገባትዎ በፊት መልሰው መክፈት መቻልዎን ይፈትኑ። አድራሻዎን (በዜሮና በኤክስ የሚጀምር፣ ከዚያ 40 ፊደልና ቁጥር ያለው) በሌላ ወረቀት ላይ ይገልብጡ። ኤክስቴንሽኑን ከክሮም ያስወግዱት፣ እንደገና ይጫኑት፣ ነባር ዋሌት አስገባ የሚለውን መርጠው ከወረቀትዎ ላይ እያነበቡ ቃላቱን ያስገቡ። የወጣው አድራሻ ከገለበጡት ጋር አንድ ከሆነ ወረቀትዎ ይሠራል። ካልሆነ ስህተቱን ያገኙት ምንም ሳይከስሩ ነው።

ወደ ቶን ሳንቲሞችዎ ስንመጣ፣ መልሱ አጭር ነው፦ ኖትኮይንና መሰሎቹ ያሉበት ቶን ኔትወርክ፣ ማለትም የራሱ መዝገብ ያለው ብሎክቼይን፣ ሌላ ዓለም ነው። የቶን ዋሌት 24ቱ ቃላት ሜታማስክ ውስጥ ቢገቡ ሳንቲሞቹን አያመጡም፤ ቃላቱ ከተመሳሳይ ዝርዝር ቢመጡም ቁልፉ የሚወጣበት ስሌት የተለየ ነው። እዚያው በቶን ዋሌትዎ ይተዋቸው፣ ቃላቱን የትም አይተይቡ።

ዩኤስዲቲ ላይ ግን ሰው የሚሳሳተው በኔትወርክ ነው። አንድ ስም ይዞ በብዙ ኔትወርኮች ላይ አለ። ሜታማስክ ውስጥ የሚያዩት የዜሮ-ኤክስ አድራሻ ለኢትሪየም፣ ለቢኤንቢ ቼይንና ለፖሊጎን አንድ ነው፤ በቲ የሚጀምረው የትሮን አድራሻ ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። ላኪው በቢኤንቢ ቼይን ልኮ እርስዎ ኢትሪየምን ከፍተው «አልደረሰም» ቢሉ ገንዘቡ አልጠፋም፤ ኔትወርኩን መቀየር ብቻ ነው። ኔትወርክ በእጅ ሲጨምሩ መለያ ቁጥሩን ያረጋግጡ፦ ኢትሪየም 1፣ ቢኤንቢ ቼይን 56፣ ፖሊጎን 137። ሌላው ወጥመድ የአገልግሎት ክፍያው፣ ማለትም ጋዝ ነው። ጋዝ በዩኤስዲቲ ሳይሆን በኔትወርኩ በራሱ ሳንቲም ነው የሚከፈለው፤ በኢትሪየም በኢተር፣ በቢኤንቢ ቼይን በቢኤንቢ፣ በፖሊጎን በፖል። ዩኤስዲቲ ብቻ ያለበት ዋሌት ማለት ነዳጅ የሌለው መኪና ነው፣ ንብረቱ ይታያል እንጂ በተለመደው መንገድ አይንቀሳቀስም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ኢተር መላክ 21,000 መለኪያ ጋዝ ይወስዳል፤ የአንዱ መለኪያ ዋጋ በዚያ ሰዓት 2 ጊዌ ቢሆን 42,000 ጊዌ ይመጣል፣ አንድ ኢተር 1,000,000,000 ጊዌ ስለሆነ ይህ 0.000042 ኢተር ነው። ዩኤስዲቲን የመሰለ ቶከን (የኔትወርኩ የራሱ ያልሆነ ሳንቲም) መላክ የዚህን ሁለት ሦስት እጥፍ ይፈጃል። ዋጋው በየደቂቃው ይለዋወጣል፤ ከማጽደቅዎ በፊት ሜታማስክ ያሳይዎታል።

መብራት መጥፋትን ሳልጠቅስ አልለፍ፣ ብዙ ሰው ያስደነግጣልና። የላኩት አንዴ ወደ ኔትወርኩ ከወጣ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይቀጥላል። መብራት ሲመጣ ቶሎ ብለው ደግመው አይላኩ፤ መጀመሪያ አድራሻዎን ኢተርስካን በመሰለ የመዝገብ ማሳያ ላይ ይመልከቱ። አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ይልካሉ።

አሁን ወደ ጓደኛዎ። ‹ኮኔክት› ብቻውን ገንዘብ አያወጣም። ኮኔክት ማለት ድረ ገጹ አድራሻዎንና በአድራሻው ያለውን እንዲያይ መፍቀድ ነው፤ ያውም መዝገቡ ለማንም ክፍት ስለሆነ ብዙ ምሥጢር አልሰጡም። ጓደኛዎ ከኮኔክት ቀጥሎ ሌላ መስኮት መጥቶለት አጽድቋል፤ ያው የኮኔክቱ ክፍል መስሎት ተጭኖት አልፏል። ያ መስኮት አፕሩቫል የሚባለው ፈቃድ ነበር ማለት ይቻላል። ዩኤስዲቲና መሰል ቶከኖች እንዲህ የተሠሩ ናቸው፦ ባለቤቱ «ይህ ኮንትራት (ብሎክቼይኑ ላይ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ከእኔ እስከዚህ መጠን ድረስ መውሰድ ይችላል» ብሎ ይፈቅዳል፣ ከዚያ በኋላ ወሳጁ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ይወስዳል። ገንዘብ መቀየሪያ ድረ ገጾች ያለዚህ አይሠሩም፣ ስለዚህ ፈቃዱ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው መጠኑ ያልተወሰነ መሆኑና ተቀባዩ ሌባ መሆኑ ነው። ያልተወሰነ ፈቃድ የሰጠ ሰው ዛሬ 50 ዩኤስዲቲ ቢኖረው፣ ከሦስት ወር በኋላ የሚያስገባው 500ም በዚያው ፈቃድ ይወሰዳል። ቀኑና ቁጥሩ ባዶ ሆኖ የተፈረመ ቼክ ነው። ፓስወርዱን ማንም አለማወቁ እዚህ ላይ አይጠቅመውም፤ የፈረመው ራሱ ነውና።

ከዚህ የሚረቀቅም አለ። አንዳንድ ቶከኖች፣ ለምሳሌ ዩኤስዲሲ፣ ፈቃዱ ያለ ጋዝ በፊርማ ብቻ እንዲሰጥ ያስችላሉ፤ ‹ፐርሚት› ይባላል። ገንዘብ ስላልተቆረጠበት ሰው «ነፃ ነው፣ ምን ያመጣል» ብሎ ይፈርማል። ፊርማው እስኪጠቀሙበት ድረስ በመዝገቡ ላይ አይታይም። በመስኮቱ ላይ ‹ፐርሚት›፣ ‹አፕሩቭ›፣ ‹ሴት አፕሩቫል ፎር ኦል› ወይም ‹ስፔንደር› (ወሳጅ) የሚሉትን ቃላት ካዩ ቆም ይበሉ፦ የቶከኑ ስም ማን ነው? መጠኑ ስንት ነው? ወሳጁ ማን ነው? ‹ሴት አፕሩቫል ፎር ኦል› ደግሞ የአንድ ስብስብ ዲጂታል ሥዕሎችን በሙሉ አሳልፎ መስጠት ነው። ኤርድሮፕ ሊሰጥዎ የሚል ገጽ ከእርስዎ የመውሰድ ፈቃድ ከጠየቀ ሌባ ነው፤ ሰጪ ከተቀባዩ ኪስ የመውሰድ ሥልጣን አያስፈልገውም። ፈቃድ የግድ በሚያስፈልግበት ቦታም መጠኑን የሚያስተካክለውን ሳጥን ከፍተው የዛሬውን ሥራ ያህል ብቻ ይጻፉ። መስኮቱ ፊደልና ቁጥር ድርድር ብቻ እያሳየ ምን እንደሆነ የማይገባ ከሆነ እምቢ ይበሉ።

ይህ የጀማሪ ችግር ብቻ አይደለም። ባይቢት የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ በፈረንጆቹ የካቲት 2025 ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኢተር የተሰረቀበት፣ ፈራሚዎቹ ማያ ገጻቸው ላይ ያዩት ዝውውርና በእርግጥ የፈረሙት ነገር የተለያዩ ስለነበሩ ነው።

የተሰጠን ፈቃድ መሰረዝ ይቻላል። ኢተርስካን ላይ የቶከን ፈቃዶችን የሚያሳይ ክፍል አለ፤ ሪቮክ ነጥብ ካሽ የሚባለውም ለዚሁ ይውላል። እያንዳንዱ ስረዛ ጥቂት ጋዝ ያስከፍላል። ሁለት ነገር ይለዩ፦ ሜታማስክ ውስጥ ድረ ገጹን ‹ዲስኮኔክት› ማድረግ ፈቃዱን አይሰርዘውም፣ ፈቃዱን መሰረዝም የወጣውን ገንዘብ አይመልስም። ጓደኛዎ የቀረው ነገር ካለ ዛሬውኑ ፈቃዶቹን ያጽዳ። ቃላቱንም እዚያ ገጽ ላይ ተይቦ ከሆነ ግን ስረዛው አይበቃም፣ ያንን ዋሌት ለዘለቄታው ይተወው። ቃላታቸው በሾለኩ ዋሌቶች ላይ ሌቦች አውቶማቲክ ፕሮግራም ያቆማሉ፤ ለጋዝ ብለው የሚያስገቡት ሳንቲም በደረሰ በሰከንዶች ውስጥ ይወሰዳል።

ሲልኩ አድራሻን ከግብይት ታሪክዎ ላይ ኮፒ አያድርጉ። ሌቦች እርስዎ አዘውትረው የሚልኩበትን አድራሻ በመጀመሪያና በመጨረሻ ፊደሎቹ የሚመስል አድራሻ ይፈጥሩና ከዚያ ዜሮ ዋጋ ያለው ዝውውር በታሪክዎ ውስጥ ያስገባሉ፤ የሚጠብቁት እርስዎ የእነሱን ኮፒ እንዲያደርጉ ነው። ኮፒ ያደረጉትን በራሳቸው አድራሻ የሚተኩ ቫይረሶችም አሉ። ስለዚህ ከለጠፉ በኋላ መካከሉንም ያመሳክሩ፣ ለአዲስ ተቀባይ ሁልጊዜ መጀመሪያ ትንሽ ልከው መድረሱን ያረጋግጡ። ሳይጠብቁ ዋሌትዎ ላይ የታየ የማያውቁት ቶከን ካለ አይንኩት፤ ስሙ ላይ የተጻፈው ድረ ገጽ ወጥመድ ነው።

ቴሌግራም ላይ «የሜታማስክ ሠራተኛ ነኝ» የሚል ሰው ቀድሞ ሊያነጋግርዎ ይችላል። ቃላትዎን የሚጠይቅ ሠራተኛ የለም፤ ለማስተካከል፣ ለማረጋገጥ፣ ለማደስ ቢሉም የለም። የተሰረቀ እናስመልሳለን የሚሉትም ሁለተኛ ሌቦች ናቸው። አንዳንዱ ደግሞ ገር መስሎ የራሱን 12 ቃላት ይልክና «ዩኤስዲቲ አለኝ፣ ማውጣት አቅቶኝ ነው፣ እርዳኝ» ይላል። ዩኤስዲቲው በእርግጥ ይታያል፤ እርስዎ ለጋዝ የሚያስገቡት ሳንቲም ግን ወዲያው ይወሰዳል። የተዘጋጀው ለዚያ ነው።

በሁሉም ቢጠነቀቁ እንኳ የሚቀር አደጋ አለ። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2025 የትረስት ዋሌት የክሮም ኤክስቴንሽን 2.68ኛ ስሪት በራሱ በክሮም ዌብ ስቶር በኩል ተበክሎ ወጥቶ የተጠቃሚዎችን ቃላት ወደ ሌቦች ልኳል፤ ጉዳቱ ወደ 8.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። እነዚያ ሰዎች የሠሩት ጥፋት የለም። ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ዋሌት ሁሉ ይህ ወሰን አለበት፤ ስለዚህ እዚያ ላይ የሚያኖሩት የኪስ ገንዘብ ያህል ይሁን፣ ቢጠፋ የቤት ኪራይ የማያስቀር። ከዚያ በላይ ለሚሆን ሌጀር ወይም ትሬዞር የመሰለ የሃርድዌር ዋሌት ያስፈልጋል፤ ቁልፉ ከመሣሪያው አይወጣም፣ ሜታማስክ ደግሞ እንደ ማያ ገጽ ብቻ ያገለግላል። ያገለገለ አይግዙ፣ ቃላቱ ተጽፈውበት የመጣ ደግሞ በፍጹም። የእሱንም ቃላት ሜታማስክ ውስጥ አይተይቡ፤ ከተየቡ የከፈሉበት ጥበቃ ያን ጊዜ አበቃ።

ሕጉንም ይወቁት። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሕጋዊው የመገበያያ ገንዘብ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። በሰው ለሰው ልውውጥ ብር ልከው ዩኤስዲቲው ሳይደርስዎ ቢቀር፣ ወይም የተሰረቀ ብር ሂሳብዎ ውስጥ ገብቶ ቢታገድ፣ ባንክ ሄደው የሚከራከሩበት መሠረት ደካማ ነው። ይህ ምላሽ ቁልፍን ስለመጠበቅ ነው፤ እንዲገበያዩ ማበረታቻ አድርገው እንዳይወስዱት።

የማዝዝዎ ይህን ነው። ዛሬ ማታ ሜታማስክን ከሱቁ ኮምፒውተር ያስወግዱ፣ ከቴሌግራም የተከፈቱ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የማያውቁትን ሁሉ ያስወጡ፣ ባለሁለት ደረጃ መቆለፊያውንም ያብሩ። ፎቶውን ከቴሌግራም፣ ከጋለሪና ከጉግል ፎቶስ፣ ከየቆሻሻ ቅርጫታቸውም ጭምር ያጥፉ። ከዚያ በተጸዳ ስልክ ወይም በግል ላፕቶፕ ላይ አዲስ ቃላት ያለው አዲስ ዋሌት ይክፈቱ፣ ሁለት ወረቀት ይጻፉ፣ አጥፍተው መልሰው ይክፈቱት። አድራሻው ተመሳስሎ ካዩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስገቡት ለጋዝ የሚሆነውን ጥቂት ሳንቲም ብቻ ይሁን፤ እሱም መድረሱን በመዝገቡ ላይ እስኪያዩ ሌላ አይጨምሩ።